ከባድ ጎማ ነዳጅ ይበላል? የአንዲት ያሪስ የስምንት ሳምንት የሥራ ማስታወሻ

ጥር 4 ቀን 2017፣ እሑድ

ቤንዚን በዚህ ሳምንት ሊትሩ ከ100 ብር አለፈ። ማደያው ጋ ተሰልፌ ተራዬን ስጠብቅ ከኋላዬ የነበረው ባለ መኪና ወርዶ ጎማዬን አየና፣ «ወንድሜ፣ ይሄ ጎማ ነው እኮ ነዳጅህን የሚጨርሰው። ከባድ ነው» አለኝ። ወደ ቤት ስመለስ ነገሩ ከአእምሮዬ አልወጣ አለ። ጎማ የሚሠሩልኝን ሽማግሌ ብጠይቅ ደግሞ ተቃራኒውን ነው የሚሉት፤ «ከባድ ጎማ መንገድ ይይዛል፣ ድንጋይ ይችላል» ይላሉ። ሁለቱም በእርግጠኝነት ነው የሚናገሩት። የለካ ግን አላጋጠመኝም።

ስለዚህ ልለካ ነው። መኪናዋ ያሪስ ናት፤ እንደ ፈረንጆቹ የ2008 ሥሪት፣ 1.0 ሊትር፣ ባለ ሦስት ሲሊንደር፣ ማንዋል ካምቢዮ። ባለፈው ሐምሌ ስገዛት የቀድሞው ባለቤት ከፍ እንድትልለት ብሎ ባለ 15 አሉሚኒየም ቸርኬ ከ195/60R15 ጎማ ጋር አስገብቶላት ነበር። አብረዋት የመጡትን ባለ 14 የብረት ቸርኬዎች ከነ165/70R14 ጎማቸው ጨምሮ ሰጥቶኛል፤ እስካሁን ግቢ ውስጥ በላስቲክ ተሸፍነው ተቀምጠዋል። የበሩ ምሰሶ ላይ የተለጠፈው ወረቀትም 165/70R14፣ ንፋስ 33 ፒኤስአይ ይላል።

ከሁሉ በፊት ወረቀትና እስክሪብቶ ይዤ ተቀመጥኩ። 165 የጎማው ስፋት በሚሊ ሜትር ነው፤ 70 ደግሞ የጎኑ ቁመት የስፋቱ 70 ከመቶ ነው ማለት ነው፤ 14 የቸርኬው ክብ ከዳር እስከ ዳር በኢንች። ሲሰላ ትንሹ ጎማ ከጫፍ እስከ ጫፍ 587 ሚሊ ሜትር፣ ትልቁ 615 ይመጣል። የ4.8 ከመቶ ልዩነት አለው። ይህችን ቁጥር በቀይ አሰመርኩባት፤ ምክንያቱም ኪሎ ሜትር ቆጣሪው የሚቆጥረው የጎማውን ዙር እንጂ መንገዱን አይደለም። ጎማው ሲተልቅ በአንድ ዙር ብዙ መንገድ ይሄዳል፣ ቆጣሪው ግን አያውቅም። እስከዛሬ «በሊትር ይህን ያህል ትሄዳለች» እያልኩ የያዝኩት ሒሳብ ሁሉ ከመሠረቱ የተዛባ ነበር ማለት ነው።

ጥር 7፣ ረቡዕ

ዛሬ ሚዛን። ሰፈራችን ሽንኩርትና ድንች በጅምላ የሚሸጡ እናት አሉ፤ የወለል ሚዛናቸው ጥሩ ነው። አንዱን ትልቅ ጎማና አንዱን ትንሽ ጎማ በጋሪ አስጭኜ ሄድኩ። «እትዬ፣ ጎማ ልመዝን ነው የመጣሁት» ስላቸው መጀመሪያ የምሸጠው መስሏቸው «በኪሎ ነው እንዴ የሚሸጠው?» አሉኝ። ነገሩን ሳስረዳቸው ግን ሚዛኑን በጨርቅ ጠርገው፣ ባለ 5 ኪሎ ድንጋይ አስቀምጠው ትክክል መሆኑን አሳዩኝና «በል ጫን» አሉኝ።

ትንሹ ከነቸርኬው 13.3 ኪሎ፣ ትልቁ 16.5። በአንድ ጎማ 3.2፣ በአራቱ 12.8 ኪሎ ማለት ነው።

ከዚያ ጎሚስታው ጋ ሄጄ ሁለቱንም ከቸርኬያቸው አስወለቅኩና ለየብቻ መዘንኳቸው። የብረቱ ቸርኬ 6.8፣ አሉሚኒየሙ 7.8! አሉሚኒየም ስለሆነ ቀላል ነው ብዬ ነበር የማምነው። ቀላል የሚሆነው ተመሳሳይ መጠን ላይ፣ ያውም በደንብ ሲሠራ ነው። በሻጋታ የፈሰሰ ርካሽ አሉሚኒየም ጥንካሬ እንዲኖረው ስለሚወፍር፣ በዚያ ላይ አንድ ኢንች ስለጨመረና ስፋቱም ስለበለጠ፣ ከቀጭኑ የብረት ቸርኬ ከበደ። ጎማዎቹ ደግሞ 6.5 እና 8.7 ሆኑ።

አንድ ነገር እዚህ ላይ መመዝገብ አለበት። ጥርሳቸውን ስለካ ትንሹ 5 ሚሊ ሜትር፣ ትልቁ 6 ሚሊ ሜትር ቀርቶታል፤ ተቀራራቢ ናቸው። ይህ ባይሆን ኖሮ ንጽጽሩ ዋጋ አይኖረውም ነበር፤ ጎማ ሲያልቅ ይቀላል፣ የሚተጣጠፈው ላስቲክም ስለሚሳሳ በቀላሉ ይንከባለላል። አዲስ ጎማ አስገብቶ «ነዳጅ ጨመረብኝ» የሚል ሰው አልዋሸም። በዝናብ ጊዜ ባለቀ ጎማ ፍሬን መያዝ ግን ሌላ ነገር ነው፤ ለነዳጅ ብሎ ያለቀ ጎማ የሚያቆይ ሰው ካለ እባካችሁ አታድርጉት።

ጥር 12፣ ሰኞ፣ ቃና ዘገሊላ

ጥምቀት ትናንት ነበር፤ መንገዶቹ ለታቦታቱ ክፍት ስለሆኑ መኪና የሚነዳበት ጊዜ አይደለም። ታቦቱን ሸኝቼ ተመልሼ ከሰዓት በኋላ ግቢ ውስጥ ሥራ ጀመርኩ።

ጥያቄዬ ይህ ነው። ጎማ ላይ ያለ 1 ኪሎ ኮፋኖ ሥር ካለ 1 ኪሎ ጋር እኩል ነው ወይ? አይደለም። መኪናው ሲነሳ ጎማው ወደ ፊት መሄድ ብቻ ሳይሆን መሽከርከርም አለበት። እናቴ ስትፈትል እንዝርቷ ላይ ያለችው ክብ ናት ሽክርክሪቱን የምታቆየው፤ ለማስነሳት የጣት ጉልበት ትፈልጋለች፣ ከተነሳች በኋላ ቶሎ አታቆምም። ጎማም እንዲሁ ነው፤ ክብደቱ ከመሐል በራቀ ቁጥር ለማስነሳት ይከብዳል። መንገዱን የሚነካው ዳር ላይ ያለ ላስቲክ በመኪናው ፍጥነት ልክ ወደ ፊት ይሄዳል፣ በዚያው ፍጥነት ደግሞ ይሽከረከራል፤ ስለዚህ ለማስነሳት የሚፈልገው ጉልበት የተራ ክብደት እጥፍ ነው። እጥፍ፣ ከዚያ በላይ ግን አይሄድም። «ጎማ ላይ 1 ኪሎ መኪናው ላይ 10 ኪሎ ነው» የሚለው ወሬ ስሌት የለውም።

ትክክለኛውን ለማግኘት ጎማውን በገመድ አንጠልጥዬ ማወዛወዝ ነበረብኝ። 72 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያላት ክብ ሳንቃ አናጢ አስቆርጬ፣ ሦስት ቦታ በስቼ ሦስት እኩል ገመድ አስሬ፣ ከማንጎው ዛፍ ላይ ሰቀልኳት። ጎማውን መሐሏ ላይ አስተኝቼ ትንሽ ጠምዘዝ አድርጌ ስለቀው ወዲያና ወዲህ ይጠማዘዛል። ሃያ ምልልስ የፈጀበት ጊዜ ይመዘገባል። ልጄ ስልኩን ይዞ «አንድ... ሁለት...» እያለ ይቆጥራል። የዚህ ዘዴ ጥሩነቱ ክብደቱ ራሱ ስሌቱ ውስጥ መቃለሉ ነው፤ ጊዜው የሚነግረን ክብደቱ ከመሐል ምን ያህል እንደራቀ ነው።

ትንሹ ለሃያ ምልልስ 39.4 ሰከንድ፣ ትልቁ 40.9። አምስት አምስት ጊዜ ደገምነው፤ ልዩነቱ በየጊዜው ከ0.2 ሰከንድ አልዘለለም። የሳንቃዋን ድርሻ ቀንሼ ሳሰላው 13.3 ኪሎው ትንሽ ጎማ መኪናው ሲነሳ እንደ 20.4 ኪሎ ይቆጠራል፤ 16.5 ኪሎው ትልቅ ደግሞ እንደ 25.6። በአራቱ ጎማ ልዩነቱ 20 ኪሎ ገደማ ነው። ያሪስዋ ከነእኔ 1,055 ኪሎ ስለሆነች 2 ከመቶ መሆኑ ነው።

አንድ ትንሽ ልጅ መኪና ውስጥ እንደማስገባት ያህል ነው። ስሌቱን ስጨርስ ደንገጥ አልኩ፤ ብዙ እጠብቅ ነበር።

ጥር 18፣ እሑድ

ከጠዋቱ 12 ሰዓት፣ ከከተማው ወጣ ባለ ሜዳ መንገድ ላይ፤ ሰው የለም፣ ንፋስም የለም። ትልልቆቹ ጎማዎች እንደተገጠሙ ናቸው። ትናንት ጎሚስታው ጋ 33 አስሞልቻለሁ።

ሁለት ፈተና አለኝ። የመጀመሪያው በሦስተኛ ማርሽ ከ30 እስከ 60 ኪሎ ሜትር በሰዓት፣ ቤንዚኑን እስከ መጨረሻው ረግጬ። ፍጥነቱን የማነበው ከመኪናው ሰሌዳ ሳይሆን ከስልኩ ጂፒኤስ ነው። ሁለተኛው ማንከባለል ነው፤ ዜሮ ማርሽ አድርጌ ከ40 እስከ 10 ድረስ በራሷ ስትቀዘቅዝ ስንት ሰከንድ እንደሚፈጅባት። መንገዱ ለዓይን የማይታይ ተዳፋት ሊኖረው ስለሚችል ሁሉንም በሁለቱም አቅጣጫ እየሠራሁ አማካዩን እወስዳለሁ።

ከ30 ወደ 60፦ 8.0 ሰከንድ። ማንከባለል፦ 45 ሰከንድ።

አዲስ አበባ 2,355 ሜትር ከፍታ ላይ ናት። አየሩ ከባሕር ጠለል ጋር ሲነጻጸር ወደ 20 ከመቶ ይሳሳል፤ ተርቦ የሌለው ሞተር ጉልበቱም በዚያው ልክ ይቀንሳል። ወረቀቱ ላይ 70 ገደማ የሆነው የፈረስ ጉልበት እዚህ ወደ 55 ይወርዳል። ሌላ አገር አንድ ትልቅ ሞተር ሳይሰማው የሚያልፈው ኪሎ እዚህ ትንሽ ሞተር ላይ ይሰማል። አየሩ ስለሳሳ ግን መኪናው የሚገፋው ንፋስም ያንሳል፤ የጎማው መንከባለል ደግሞ ከፍታ አያውቅም። ስለዚህ እኛ ጋ መኪናዋን ወደ ኋላ ከሚይዛት ኃይል ሁሉ ውስጥ የጎማው ድርሻ ይበልጣል ማለት ነው።

ጥር 21፣ ረቡዕ

ትልቅ ስሕተት አገኘሁ። ዛሬ የራሴን የንፋስ መለኪያ ገዛሁና አራቱንም ጎማ ለካሁ፦ 28፣ 28፣ 27.5፣ 28። ባለፈው ቅዳሜ 33 ነበር የተሞላው! በአራት ቀን አራቱም እኩል አያፈስሱም። መለኪያዬን ይዤ ሌላ ቦታ ካለ መለኪያ ጋር አስተያየሁት፤ የእኔው ትክክል ነው። የተሳሳተው ኮምፕሬሰሩ ላይ ያለው መለኪያ ነው፤ 33 ሲል በእውነት 28 ነው።

እዚያ የሚሞላ መኪና ሁሉ በ5 ጎድሎ ነው የሚሄደው። የእሑዱ ፈተና በሙሉ ይደገማል።

ጥር 25፣ እሑድ

ያው መንገድ፣ ያው ሰዓት፣ ያው ጎማ፣ አሁን በእውነተኛ 33።

ከ30 ወደ 60፦ 7.9። ይህ ብዙም አልተለወጠም። ማንከባለል ግን ከ45 ወደ 48 ሰከንድ ወጣ። ምንም ሳልቀይር፣ አንድ ብር ሳላወጣ፣ ንፋስ ብቻ ሞልቼ! ጎማው ሲጎድል በየዙሩ ብዙ ይታጠፋል፤ የታጠፈ ላስቲክ ይሞቃል፤ ያ ሙቀት የተቃጠለ ቤንዚን ነው። ብዙ ከነዳችሁ በኋላ የጎደለውን ጎማ ጎኑን በመዳፍ ንኩት፣ ከሌሎቹ ይበልጥ ይሞቃል። ነዳጁ ወዴት እንደሄደ እጃችሁ ይነግራችኋል።

በሚቀጥሉት ስድስት ቀናት የከተማ ሒሳብ እይዛለሁ፤ ከሰሚት እስከ ሜክሲኮ ደርሶ መልስ። የማደያ ክፍያ በቴሌብር መሆኑ ጠቅሞኛል፤ ሊትሩና ብሩ ስልኬ ላይ ይቀራል፣ ማስታወሻ መያዝ አላስፈለገኝም።

የካቲት 1 እና 2፣ ቅዳሜና እሑድ

የከተማው ሳምንት በትልቁ ጎማ፦ ቆጣሪው 186 ኪሎ ሜትር፣ ነዳጅ 15.9 ሊትር። ቆጣሪውን ካመንኩ በሊትር 11.7። የጎማውን ትልቀት ሳስተካክል ትክክለኛው መንገድ 195 ኪሎ ሜትር ነው፤ በሊትር 12.3።

ሁለቱንም ቀን የአዲስ አዳማ ፈጣን መንገድ። ከቱሉ ዲምቱ ገብቼ አዳማ ደርሼ ያለ እረፍት መመለስ። መንገዱ 120 ቢፈቅድም ቀኝ መስመር ይዤ በጂፒኤስ 90 ላይ ቆየሁ። በሁለቱም ቀን መነሻና መድረሻ አንድ ማደያ፣ አንድ ቀጂ መሣሪያ፤ መሣሪያው የመጀመሪያዋን «ጠቅ» ሲል ማቆም። አዳማ ከአዲስ አበባ ወደ 600 ሜትር ዝቅ ስለምትል በአንድ አቅጣጫ ብቻ መለካት ትርጉም የለውም፤ ወደዚያ ስትሄድ ማንኛውም መኪና ቆጣቢ ነው። ደርሶ መልሱ 171 ኪሎ ሜትር በጂፒኤስ፤ የመኪናው ቆጣሪ ግን 164 ነው ያለው።

ቅዳሜ 8.7 ሊትር፣ እሑድ 8.9። አማካይ 8.8።

ሲመሽ ጎማ መቀየር። ክሪክ፣ ቁልፍ 21፣ 16 ዳዶ። ትልቁን ጎማ ከፍ አድርጎ ቡሎኑ ላይ ማስገባትና ትንሹን ማስገባት እጅ ላይ ያለው ልዩነት እንዴት እንደሚሰማ! ሚዛኑ 3.2 ኪሎ ነው ያለው፤ ወገቤ ግን አሥር ይላል። ሰው ለምን «ከባድ ጎማ መኪናውን ይገድላል» ብሎ እንደሚያምን የገባኝ ያኔ ነው። በእጁ ያነሳው ሰው ያምናል።

የካቲት 9፣ እሑድ

ትንንሾቹ ጎማዎች፣ ንፋስ 33።

ከ30 ወደ 60፦ 7.4 ሰከንድ። ማንከባለል፦ 52።

ከ7.9 ወደ 7.4 ስትወርድ 6 ከመቶ በላይ ነው። በስሌት ከክብደቱ የሚመጣው 2 ከመቶ ብቻ መሆን አለበት። የቀረው ከየት መጣ? መልሱ ቀይ ያሰመርኩባት ቁጥር ናት፤ 4.8 ከመቶ። ትልቅ ጎማ ማለት ረጅም ማርሽ ማለት ነው። ሞተሩ ያው፣ ካምቢዮው ያው፣ ጎማው ግን ከመሐል እስከ መሬት ስለረዘመ መሬቱን የሚገፋበት ጉልበት በ5 ከመቶ ገደማ ይቀንሳል። ዳገት ላይ «መኪናዬ ደከመች» የሚል ሰው ብዙውን ጊዜ የሚሰማው ክብደቱን ሳይሆን ቁመቱን ነው። ሦስተኛ ትጎትተው የነበረውን ዳገት በሁለተኛ ነው የምትወጣው።

ሁለቱ ነገሮች ተደባልቀው ስለሚመጡ ጥፋቱ ሁሉ ለክብደት ይሰጣል። ለመለያየት ቁመቱ ከትንሹ ጋር እኩል የሆነ፣ ክብደቱ ግን የበለጠ ጎማ ያስፈልገኛል።

የካቲት 16፣ እሑድ፣ ቅበላ

የከተማ ሳምንት በትንሹ፦ 194 ኪሎ ሜትር፣ 14.9 ሊትር፣ በሊትር 13.0።

ፈጣን መንገድ ትናንትና ዛሬ፦ 8.3 እና 8.5 ሊትር፤ አማካይ 8.4፣ በዚያው 171 ኪሎ ሜትር። የመኪናው ቆጣሪ 172 ነው ያለው።

አሁን ሁለቱን ጎን ለጎን ላስቀምጥ። ቆጣሪውን ብቻ ያመነ ሰው በትልቁ 164 ሲካፈል ለ8.8፣ በሊትር 18.6 አገኘ፤ በትንሹ 172 ሲካፈል ለ8.4፣ 20.5። «10 ከመቶ ነዳጅ በላብኝ» ይላል። በእውነተኛው መንገድ ግን 19.4 እና 20.4 ነው፤ ከ5 ከመቶ በታች። ግማሹ ኪሳራ ቤንዚን ሳይሆን የቆጣሪ ስሕተት ነው። ቀሪው ግማሽ ግን እውነት ነው፤ በየአዳማው ጉዞ 0.4 ሊትር። ሁለቱም የትልቁ ቀን ከሁለቱም የትንሹ ቀን ስለበለጠ በአጋጣሚ የመጣ አይመስለኝም።

ይህ 0.4 ሊትር ከክብደት ሊመጣ ይችላል? ሳሰላው አይችልም። ፈጣን መንገድ ላይ በእኩል ፍጥነት ስሄድ ጎማውን ደጋግሜ ማስነሳት የለብኝም፤ አንዴ ተነስቷል። የማሽከርከሩ ነገር እዚያ ቦታ የለውም። የሚቀረው 12.8 ኪሎ ተራ ጭነት ነው፤ ከ1,055 ውስጥ 1.2 ከመቶ፣ እሱም የሚነካው የጎማውን ድርሻ ብቻ። ግማሽ ከመቶ እንኳ አይሞላም። እንዲያውም ትልቁ ጎማ ሞተሩን በዝቅተኛ ዙር ስለሚያስኬደው ትንሽ ሊጠቅመን ይገባ ነበር። ኪሳራው የመጣው ከላስቲኩ ነው፤ ይበልጥ ሰፊ፣ ይበልጥ ወፍራም፣ ሲታጠፍ ይበልጥ የሚሞቅ።

አውሮፓ ውስጥ የሚሸጥ ጎማ ላይ የሚለጠፈው ምልክት ይህንኑ ነው የሚናገረው። ከግንቦት 2021 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከኤ እስከ ኢ አምስት ደረጃ አለው። ኤ የሚባለው የአነስተኛ መኪና ጎማ 1 ቶን ጭኖ ሜዳ ላይ ለመንከባለል ቢበዛ 6.5 ኪሎ የሚያህል ግፊት ይበቃዋል፤ ኢ የሚባለው ከ10.5 በላይ ይፈልጋል። ምልክቱ ላይ የጎማው ክብደት የሚባል ነገር የለም። በ2006 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ የወጣ የብሔራዊ የምርምር ምክር ቤት ሪፖርትም መንከባለሉ በ10 ከመቶ ሲቀል የነዳጅ ቁጠባው ከ1 እስከ 2 ከመቶ እንደሚሆን አስቀምጧል። የእኔ ልዩነት ከዚህ ቢበልጥም አቅጣጫው አንድ ነው።

ነገ ዓቢይ ጾም ይገባል። ዛሬ ግን ከአዳማ መልስ ቤተሰቡ ሥጋውን ጠብሶ ነበር የጠበቀኝ።

የካቲት 23፣ እሑድ፣ ዓድዋ

ሦስተኛው ጎማ ተገኘ። ዕቃ የሚያመላልስ ጓደኛ ባለ 8 ፕላይ (የጥንካሬ ደረጃው ነው) 165/70R14 የጭነት ጎማ አዋሰኝ፤ መጠኑ ከትንሹ ጋር አንድ ዓይነት፣ መጨረሻው ላይ ግን «ሲ» የሚል ፊደል አለው። በእኔው የብረት ቸርኬ ላይ አስገጠምኩት። ጎኑን በጣት ስትጫኑት እንደ እንጨት ነው። ሚዛን፦ 15.1 ኪሎ ከነቸርኬው፤ 1.8 ይበልጣል።

ንፋስ 33። ከ30 ወደ 60፦ 7.5 ሰከንድ። ከ7.4 ጋር ሲተያይ የእጄ መንቀጥቀጥ ይበልጣል። ቁመቱ እኩል ሲሆን ክብደቱ ብቻውን ይህን ያህል ነው። ማንከባለሉ ግን ከ52 ወደ 47 ወረደ! ከሰፊው ትልቅ ጎማ እንኳ ባሰ። ይህ ጎማ የተሠራው ብዙ ጭነት ተሸክሞ በብዙ ንፋስ እንዲሄድ ነው፤ ባዶ ያሪስ ሥር በ33 ሲገባ ወፍራም ጎኑ ያለ ጥቅም ይታጠፋል። ንፋሱን ጨምሬ 45 ባደርገው ይሻሻል ነበር፤ ነገር ግን ያኔ በድንጋይ ላይ ቁጭ ያልኩ ያህል ነው።

በሳምንቱ ውስጥ የያዝኩት የከተማ ሒሳብ፦ 190 ኪሎ ሜትር፣ 15.2 ሊትር፣ በሊትር 12.5። ከትንሹ በ4 ከመቶ የባሰ። ከተማ ውስጥ ቆም ነሳ ስለሚበዛ ክብደቱ ራሱ ድርሻ አለው፤ ሳሰላው ግን ከ1 ከመቶ አይበልጥም። ሌላው የላስቲኩ ነው።

«ክብደት ነዳጅ ይበላል» የሚለው ሰው ታዲያ ሙሉ በሙሉ አልተሳሳተም። ከባድ ጎማ ብዙ ጊዜ ከባድ የሆነው ላስቲክና ድርብርብ ጨርቅ ስለበዛበት ነው፤ ያ የበዛው ነገር ደግሞ ሲታጠፍ ጉልበት ይውጣል። ሚዛኑ ምልክት ነው፤ በሽታው ሌላ ነው።

የካቲት 27፣ ሐሙስ

አንድ የቀረኝ ነገር ነበር፤ የሰፈሬ ኮብልስቶን። ከዋናው አስፋልት እስከ ቤቴ 400 ሜትር ያህል ነው፣ ዘጠኝ ዓመት ያስቆጠረ፣ ድንጋዩ እዚህ ወጥቶ እዚያ ሰምጦ።

በትልልቆቹ ጎማዎች ያንን መንገድ ስገባ የጓንት ሳጥኑ ክዳን ሁልጊዜ ይከፈት ነበር። ሁልጊዜ፤ ሚስቴ በእጇ ይዛ እስክንደርስ ትጠብቃለች። አራት ሰው ከሞላ ደግሞ ጎማው ፓራፋንጎውን ይልሳል። በትንንሾቹ ዛሬ በ20 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ስገባ ክዳኑ ተንቀጠቀጠ፣ ግን አልተከፈተም። ተመልሼ ወጥቼ እንደገና ገባሁ። አልተከፈተም። ሚስቴ ክዳኑን አየችና «አስጠገንከው እንዴ?» አለችኝ።

ጎማና ቸርኬ ከሱስታው በታች ነው ያሉት። ድንጋይ ሲመታው ጎማው መጀመሪያ ይዘላል፤ ሱስታው ከመሬት ጋር መልሶ ሊያገናኘው ይታገላል። የሚዘለው ነገር 16.5 ኪሎ ሲሆንና 13.3 ሲሆን ትግሉ አንድ አይደለም። ከባዱ ሲዘል ረዘም ላለ ጊዜ መሬት ይለቃል፣ ሲመለስ በኃይል ይመታል፣ ያ ምት ወደ ኩሽኔታውና ወደ መሪው ይሄዳል። ቁመቱ፣ የጎኑ ስፋት፣ ንፋሱ ሁሉ አስተዋጽኦ አላቸው፤ 165/70 ጎኑ ከፍ ስላለ ትራስነቱ ይበልጣል። ነገር ግን ክብደት በእውነት የሚሰማበት ቦታ ካለ ይህ 400 ሜትር ነው። ከተማችን ውስጥ ብዙዎቻችን ቤታችን የሚደርሰው በእንዲህ ያለ መንገድ ነው፤ መኪናቸውን ከፍ ለማድረግ ብለው ከባድ ጎማ የሚያስገቡትም የዚሁ መንገድ ሰዎች ናቸው። ከፍታው ሆዷን ከድንጋይ ያድናል፣ እውነት ነው፤ እግሯን ግን ያደክማል።

የካቲት 29፣ ቅዳሜ

ትንንሾቹ ይቆያሉ። ባለ 15ቱን እሸጣለሁ። 165/70ዎቹ ጥርሳቸው 5 ሚሊ ሜትር ስለሆነ ክረምቱን በእነሱ መሻገር አልፈልግም፤ ሰኔ ሳይገባ አራት አዲስ እገዛለሁ። ስገዛም ጎኑ ላይ ያለችውን ባለ አራት አኃዝ ቁጥር አያለሁ፤ የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንቱን፣ የመጨረሻዎቹ ሁለት ዓመቱን ይናገራሉ። ምልክት የተለጠፈበት ካገኘሁ መንከባለሉ ቢ የሆነውን፣ በእርጥብ መንገድ መያዙም ደህና የሆነውን እመርጣለሁ። እጄ ላይ መቅለሉን ሁለተኛ አየዋለሁ።

ከሰዓት በኋላ ጎሚስታው ጋ መለኪያዬን ይዤ ሄድኩ። እስከዛሬ አልነገርኳቸውም ነበር፤ እንዴት እንደምነግራቸው ሳስብ ነው የቆየሁት። «ጋሼ፣ መለኪያዎ ትንሽ የተሳሳተ መሰለኝ። አብረን እንየው» አልኳቸው። አንድ ጎማ ላይ ሁለቱንም አስገባን። የእሳቸው 33፣ የእኔ 28። የእኔን ወስደው ራሳቸው ደገሙት፤ ከዚያ የቆመ ሚኒባስ ጎማ ላይ ሞከሩት፣ ከዚያ ስኮርታ ጎማዬ ላይ። በየጊዜው የ5 ልዩነት።

ዝም ብለው ቆዩ። «ስንት ሰው ጎማ ሞልቼ ሰደድኩ» አሉ። ከዚያ ረዳታቸውን ነጭ ቀለም አስመጥተው ኮምፕሬሰሩ ላይ፣ ልክ ከመለኪያው ሥር፣ በትልቁ ጻፉበት፦ «5 ጨምር»።